የጀርክ ጭስና አምስት ጋሻ መሬት

ሰሞኑን ጠፍቼ ነበር። ሳንሆዜ ኤርፖርት ተራ ይዤ የምጭራት ነገር ስትቀርባችሁ «ባለታክሲው ምን ነካው?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ደህና ነኝ። ባለቤቴ «ስንት ዓመት የሰው ሻንጣ ስታነሳ ኖርክ፤ አንድ ጊዜ እንኳ የራስህን አንሳ» ብላ ከኦክላንድ ማያሚ፣ ከማያሚ ደግሞ በመርከብ ወደ ካሪቢያን ይዛኝ ሄደች። መርከቡ ጃማይካ ውስጥ ፋልማውዝ በምትባል ወደብ አንድ ቀን ቆመ። የዛሬው ወግ ስለዚያች ቀን ምሳ ነው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ከወደቡ አጥር ወጣ ብለን ትንሽ እንደተራመድን ጭሱ ጠራን። አንድ ሽማግሌ በርሜል ለሁለት ሰንጥቀው፣ አንዱን ግማሽ ምድጃ፣ ሌላውን ክዳን አድርገው ዶሮ ይጠብሳሉ። ጀርክ የሚባለው ይህ ነው። ዕለቱ ረቡዕ ስለነበረ ባለቤቴ ጾመኛ ናት፤ ለእሷ ብሬድፍሩት የሚሉትን ፍሬ በእሳት ጠብሰው ሰጧት። እኔ ኃጢአተኛው «በሚጥሚጣ ያደግሁ ሰው ነኝ» ብዬ ኮራ ብዬ ዶሮውን ጎረስኩ። ወዳጆቼ፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ! ስኮች ቦኔት የሚሉት ክብ ቃሪያ አላቸው፤ መልኩ ያማረ፣ ጠባዩ ግን የከፋ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ልጨምርበት። በርበሬያችንን ከአዳም ጀምሮ የኛ የነበረ አድርገን የምናስብ ብዙ ነን። ተክሉ ግን የአሜሪካ አህጉር ተወላጅ ነው። ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ከተሻገረ በኋላ ነው በነጋዴዎች መርከብ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ የተበተነው። ከዚያ በፊት የአያቶቻችን ወጥ የሚያቃጥለው በቁንዶ በርበሬ፣ በጥምዝና በዝንጅብል ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ያስለቀሰኝ የጃማይካ ቃሪያና የማረቆ በርበሬ የአንድ ወገን ዘመዳሞች ናቸው።

ጠረኑ ግን ከቃሪያው አልነበረም። ፒሜንቶ ከሚባል ዛፍ ነው የሚመጣው። ፍሬውን ከቅመሙ ጋር ይወቅጡታል፣ እንጨቱን ደግሞ ያነዱታል። ጥርሳችንን ሲያመን የምንነክሰው ቅርንፉድ ውስጥ ያለው ዘይት በዚህ ፍሬ ውስጥም አለ። ለዚህ ነው ጭሱ የእናቴን ቅመም መውቀጫ ያስታወሰኝ።

«ጀርክ» የሚለው ቃል የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ተራራማ አገር ነው። ኬችዋ ተናጋሪዎች ደረቅ ሥጋን «ቻርኪ» ይሉታል፤ የኛ ቋንጣ መሆኑ ነው። ጃማይካ ውስጥ ግን ይህን አበሳሰል ያቆዩት ማሩን የሚባሉት ሰዎች ናቸው። እንግሊዞች በ1655 እ.ኤ.አ. ደሴቲቱን ከስፔን ሲነጥቁ በባርነት የነበሩ አፍሪካውያን ወደ ተራራ አመለጡ። እዚያም ከደሴቲቱ ጥንታውያን ነዋሪዎች ከታይኖዎች ጋር ተቀላቀሉ፤ የዱር አሳማ እያደኑ፣ ሥጋውን በቅመም እያሹ፣ በፒሜንቶ እንጨት እየጠበሱ ከሰማንያ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ሸፍተው ኖሩ። ሥጋውን ጉድጓድ ውስጥ ከድነው ያበስሉ የነበረው ጭሱ ለእንግሊዝ ወታደር ቦታቸውን እንዳያሳብቅ ነው ይባላል። እንደ መሐንዲስ ካያችሁት ብልህ ዘዴ ነው። አየር ሲያንስ ነበልባል አይነሣም፤ እንጨቱ በቀስታ ይከስላል፤ ሥጋውም ሳያርር በጭስ ይበስላል፣ ቶሎም አይበላሽም። በሶ ቋጥረው ጫካ የገቡት አርበኞቻችን ይህን ቢሰሙ በደንብ ይገባቸው ነበር።

እንግሊዝም ማሸነፍ ሲያቅተው በ1739 እ.ኤ.አ. ከመሪያቸው ከኩጆ ጋር ውል ተፈራረመ። ነፃነታቸው ታወቀ፤ 1,500 ኤከር መሬትም ተሰጣቸው፤ ይህ በእኛ ልክ ወደ 600 ሄክታር ነው። በምላሹ ግን ከዚያ በኋላ ከባርነት አምልጦ የሚመጣባቸውን ሰው ይዘው ለጌታው እንዲመልሱ ተስማሙ። ይቺ አንቀጽ ጉሮሮዬ ላይ ቀረች። የአንዱ መሬት በሌላው ሰንሰለት ተገዛ። ተራራ ላይ ከቦ የራበው ሰው ምን ይፈርማል? እኔ በእነሱ ቦታ ብሆን አልፈርምም ነበር ብዬ አልምልም።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። ባለቤቴ በአማርኛ «ውሃ ጠጣበት» ስትለኝ ሰምተው ከየት እንደመጣን ጠየቁን። «ኢትዮጵያ» አልኳቸው። ሥጋ መገልበጫቸውን አስቀመጡና እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ጨበጡኝ። ወጣት ሳሉ ጃንሆይን ለመቀበል ኪንግስተን ኤርፖርት እንደነበሩ ነገሩኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃንሆይ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲነግሡ፣ የባርነት ጠባሳው ያልሻረ የጃማይካ ድሃ «በዓለም ፊት ዘውድ የጫነ ጥቁር ንጉሥ አለ» የሚል ዜና ሰማ። ራስ ተፈሪ የሚለው ስማቸውም የአንድ እምነት መጠሪያ ሆነ። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲደርሱ ወደ መቶ ሺህ የሚገመት ሰው አውሮፕላኑን ከበበው። ሕዝቡ መንገድ እንዲሰጥ የለመነውም የራስተፈሪያኑ መሪ ሞርቲመር ፕላኖ ነበር፤ ጃንሆይ ከዚያ በኋላ ነው የወረዱት።

ከዚያ በፊትም ጃንሆይ በጣልያን ወረራ ጊዜ ለቆሙልን የውጭ ጥቁሮች ከግል ርስታቸው ሻሸመኔ አጠገብ አምስት ጋሻ፣ ማለትም ወደ 200 ሄክታር መሬት ሰጥተው ነበር። መሬቱ የተሰጠው ዶክተር መላኩ በያን በ1937 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ በመሠረቱት የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በኩል ነው። መጀመሪያ ከሰፈሩት አንዱ ከካሪቢያኗ ሞንትሰራት የመጡት ፓይፐር የሚባሉ ባልና ሚስት ናቸው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጃማይካውያኑ ተከተሉ።

ሽማግሌው «ከየትኛው ከተማ ነህ?» አሉኝ። ባልናገር በወደድኩ። «ሻሸመኔ» አልኩ።

ዝም ብለው አዩኝ። አጎታቸው እዚያ ሄደው እንደቀሩ ነገሩኝና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ወገኖቻችን መሬታቸው በእጃቸው ነው?»

ወዳጆቼ፣ አገር ቤት የሲቪል መሐንዲስ ነበርኩ፤ መሬት መለካት እንጀራዬ ነበር። መልሱን አውቃለሁ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሲያደርግ አምስቱ ጋሻም አብሮ ሄደ። ለነሱ ቁራሽ ቀረላቸው፤ ብዙዎቹ አገር ለቀው ሄዱ። የቀሩትም ወልደው ከብደው፣ ልጆቻቸው አማርኛና ኦሮምኛ እየተናገሩ፣ ለአሥርተ ዓመታት ያለ መታወቂያ ኖሩ። መንግሥት መታወቂያ ሊሰጣቸው የወሰነው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ደግሞ ልጆች ሆነን ከትምህርት ቤት ስንመለስ በጃማይካ ሰፈር እያለፍን በፀጉራቸው እንስቅ ነበር። ድንጋይ የወረወርኩበትም ቀን አለ።

ይህን ሁሉ አላልኳቸውም። «ጥቂት አላቸው» ብቻ አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። የዶሮውን ዋጋ ብሰጣቸው «ከኢትዮጵያ ልጅ አልቀበልም» ብለው እጄን መለሱት። ያ ከቃሪያው በላይ አቃጠለኝ።

ኦክላንድ ከተመለስኩ በኋላም እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንድ ሌሊት ተሳፋሪ አውርጄ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች ፊት ለፊት መኪናዬን አቁሜ ሻሸመኔ ደወልኩ። እዚያ ረፋድ ነበር። ቤታችን አባቴ በደርግ ጊዜ ከቀበሌ በተመሩት ቦታ ላይ የተሠራ ነው። በዚያ ቤት አድጌ፣ ስንት መሬት ለክቼ፣ ያንን ቦታ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

«አባዬ፣ ቤታችን ያለበት ቦታ ድሮ የማን ነበር?»

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ቆይተው «የነዚያ የጥቁሮቹ ነው ይሉ ነበር» አሉኝ። «እኔ ስመራው ባዶ ነበር፣ ልጄ። ባዶ ነው ብለው ሰጡኝ፤ ተቀበልኩ።»

አባቴን አልወቅስም። አራት ልጅ ነበረን፤ ቤት ያስፈልገን ነበር። ግን ኩጆን ያሳየኝ ታሪክ እኔንም ያሳየኛል። «ባዶ ነበር» የምንለው መሬት ላይ የማን ጭስ ይጤስ እንደነበር መጠየቅ የሚከፈል ዕዳ ባይሆን እንኳ የማይካድ ዕዳ ነው።

ከፋልማውዝ አንድ ከረጢት ፒሜንቶ ይዤ መጥቻለሁ። ለክረምት ሻሸመኔ ለመሄድ ትኬት እያየሁ ነው። ከሄድኩ መጀመሪያ የምገባው አባቴ ቤት ነው፤ ቀጥሎ ግን ከረጢቱን ይዤ ጃማይካ ሰፈር አንዱን በር አንኳኳለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ገና አልያዝኩትም።

ተሳፋሪ መጣ፤ ልነሣ። ቸር እንሰንብት።