ማን ይናገር?
ብዙ ስላልተወራላቸው የወንጀልና የልብ አንጠልጣይ ፊልሞች

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚወስደው አውራ ጎዳና በመካከሉ ማንኩሳን አቋርጦ ያልፋል። መንገደኛው በአውቶቡስ መስኮት የሚያያት ማንኩሳ ከሌሎቹ የምዕራብ ጎጃም ትንንሽ ከተሞች እምብዛም አትለይም፤ የቆርቆሮ ክዳን፣ የባሕር ዛፍ አጥር፣ በገበያ ቀን ከየአቅጣጫው የሚጎርፍ ሕዝብ። የአማርኛ ልብ ወለድ አንባቢ ግን ስሟን ሲሰማ ቀና ይላል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጀመሩት ከዚህች አገር ነውና።

መጽሐፉ ዘወትር የሚነሣው ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው። ይሁንና በሆዱ ሌላ ታሪክ ይዟል። ፊታውራሪ መሸሻ ከደንቡ ውጭ ግብር ይጠይቃሉ፤ ገበሬው እንቢ ይላል፤ አበጀ በለው የገበሬው መሪ ሆኖ ይነሣል፤ ጉልተኛውም ሊያስገብሩ በዘመቱበት ቦታ ራሳቸው ተማርከው ያርፋሉ። እንደ ሕጉ ቃል አበጀ ሽፍታ ነው። እንደ አንባቢው ልብ ግን ፍርድ የጎደለበት ሰው ነው። በአንድ ሰው ላይ ሁለት ፍርድ እንዲህ ተጣብቆ ሲገኝ የወንጀል ታሪክ ሁሉ የሚፈልገው ጥሬ ዕቃ ተገኘ ማለት ነው። ጎጃምም ለዚህ ጥሬ ዕቃ ባይተዋር አልነበረም፤ «ሸፈተ» የሚለው ቃል እንደ ተናጋሪው ነቀፌታም ውዳሴም ይሆናል፤ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት በክፍለ ሀገሩ የተነሣው የገበሬዎች አመፅም ልብ ወለዱ ከታተመ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ የመጣ ነበር።

የዚያ አገር ሰው ይህን ታሪክ በብዛት ያወቀው አንብቦ ሳይሆን ሰምቶ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት መጽሐፉን ሲተርከው፣ ፊታውራሪውም አበጀም በአንድ ሰው ጉሮሮ ተለዋውጠው ሲናገሩ፣ ፊደል ያልቆጠረው አድማጭ ጭምር «ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን?» እያለ ሳምንቱን ይጠብቅ ነበር። የልብ መንጠልጠል ማለት ይኸው ነው። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ይህ ጥበብ የገባው ከመጋረጃና ከመብራት በፊት በድምፅ እንደ ነበረ የፊልም ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል።

ከሬዲዮውም በፊት ግን ወንጀልን የሚመረምር አገር በቀል ሥርዓት ነበረ። አውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙ አፈርሳታ፣ የሚባለው ነው። ከብት ተሰርቆ፣ ቤት ተቃጥሎ ወይም ሰው ተገድሎ አድራጊው ሲሰወር የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። እያንዳንዱ እየተነሣ የሚያውቀውን እንዲያወጣ በመሐላ ይጠየቃል፤ ጉዳዩ እስኪጣራ ወደ ሥራው አይሰናበትም። ያየውን በግልጽ ለመመስከር የሚፈራ ሰው ቃሉ «በወፍ» በኩል ይደርሳል። በደለኛው ጨርሶ ካልታወቀ ዕዳው በአገሩ ሰው ላይ ይወድቃል። (ሌባ ሻይ የሚባለውም ነበረ፤ መድኃኒት ጠጥቶ የሰከረ ልጅ በገመድ ታስሮ እየሮጠ ከገባበት ቤት ሲወድቅ ባለቤቱ ሌባ ይባል ነበር። ያ ግን ከምርመራ ይልቅ ለዕጣ የቀረበ ስለሆነ እዚህ ላይ ብዙ አያስቆምም።)

የአውጫጭኝን ጠባይ ከአውሮፓ የወንጀል ታሪክ ጋር ያስተያየ ሰው አንድ ትልቅ ልዩነት ያገኛል። በለንደንም ሆነ በፓሪስ ታሪክ ውስጥ ምሥጢሩን የሚያውቅ የለም፤ አንድ ብልህ መርማሪ ይመጣና ከሲጋራ ቁራጭና ከጫማ ዱካ ተነሥቶ ይፈታዋል። ተመልካቹ የሚጠይቀው «ማን ገደለ?» ብሎ ነው። በአውጫጭኙ ሜዳ ላይ ግን ከተቀመጡት መካከል ብዙዎቹ ገዳዩን ያውቁታል። ጎረቤታቸው፣ አበልጃቸው ወይም የወንድማቸው ልጅ ነው። እዚያ ያለው ጥያቄ «ማን ይናገር?» የሚል ነው። የተናገረ ደም ይገባበታል፤ ያልተናገረ መሐላ ይበላል። በኢትዮጵያ የተሠሩትን የወንጀል ፊልሞች ለመመዘን ከዚህ ጥያቄ የተሻለ ሚዛን አይገኝም።

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረጅም የታሪክ ፊልም የሚባለው «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ወጣ። ኢላላ ኢብሳ ያነሣሡት፣ ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ ያዘጋጀው፣ በ35 ሚሊ ሜትር የተቀረጸ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። በዘውጉ የወንጀል ፊልም አይባልም። ርዕሱ ግን ራሱ የምርመራ ጥያቄ መሆኑ ሊስተዋል ይገባል። የኢትዮጵያ ሲኒማ አፉን የፈታው በጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም መልሱን የሚያውቅ ሰው ያለበት፣ የሚያውቀው ግን ዝም ያለበት ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም.፣ ሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ»ን አቀረበ። ጉማ በኦሮሞ ባህል የደም ካሣና የእርቅ ሥርዓት ነው፤ ፊልሙም ደም መመላለስን ይዞ ይነሣል። ጎጃሜው ተመልካች ቋንቋውን ቢለየውም ነገሩን አይለየውም፤ ደም መላሽና ሽማግሌ፣ ካሣና እርቅ በእርሱም አገር አሉ። የዚህ ፊልም ብርታት ገዳዩን ከመጀመሪያው አለመደበቁ ላይ ነው። የሚያስጨንቀው ከግድያው በኋላ ያለው ረጅም ጊዜ ነው፤ አንዱ ቤተሰብ የሚጠብቅበት፣ ሌላው የሚፈራበት ጊዜ። ፊልሙ የወጣው በአብዮቱ ዋዜማ ስለ ነበረ በጊዜው የሚገባውን ያህል ሳይወራለት ቀረ። ኋላ በስሙ የፊልም ሽልማት ተሰየመለት፤ ስሙን የሚያውቀው ግን ፊልሙን ካየው እጅግ ይበዛል።

በዚያው ሰሞን ከጎንደር ተነሥቶ በሎስ አንጀለስ ይማር የነበረው ኃይሌ ገሪማ ወደ አገሩ ተመልሶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ቀረጸ። እ.ኤ.አ. በ1976 ለዓለም ታየ። ስለ ፊልሙ የተጻፈው ሁሉ ስለ ባላባትና ጭሰኛ ይናገራል፤ ልክም ነው። ነገር ግን በመጨረሻው ላይ ግድያ አለ። እብድ ነው ተብሎ የሚታለፈው ሰው ባለመሬቱን በዱላ ይገድለዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ረጅም ሰዓት ሰውየው ያልተናገረው እውነት አልነበረም፤ የሰማው አልነበረም እንጂ። ኃይሌ ይህን ያደረገው ያለ መርማሪ፣ ያለ ሩጫ፣ ያለ ተኩስ ነው። ትዕግሥት የጎደለው ተመልካች ፊልሙን ዝግተኛ ይለዋል። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ዱላው ከየት እንደ መጣ ያላዩ ናቸው፤ ዱላው ከመጀመሪያው ጀምሮ በመንገድ ላይ ነበረ።

የዚሁ ሰው «ቡሽ ማማ» ይበልጥ ሊነሣ ይገባ ነበር። በሎስ አንጀለስ የጥቁሮች ሠፈር ለትምህርት ቤት መመረቂያ የተሠራ ነው። የዶሮቲ ባል ባልሠራው ወንጀል ታስሯል፤ ልጇን ሲደፍር የደረሰችበትን ፖሊስ ደግሞ እርሷ ትገድለዋለች። ከሁሉ የሚደንቀው መክፈቻው ነው። ፊልም የሚያነሡትን ወጣቶች የከተማው ፖሊሶች በእውን አስቁመው ሲፈትሹ የሚታይበት ክፍል ተውኔት አይደለም። ኃይሌ የሆነውን እንደ ሆነ አስገባው። ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱ የወንጀል ፊልሞች ያላገኙትን እውነተኛ ፍርሃት ገንዘብ ያልነበረው ተማሪ በአንድ አጋጣሚ አገኘው።

በደርግ ዘመን ነገሩ መልኩን ለወጠ። በ1978 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ መንግሥት በያዘው ካሜራ ግን በአገር ውስጥ የሚፈጸም ወንጀልን፣ ይልቁንም ባለሥልጣን የሚፈጽመውን፣ መመርመር የሚታሰብ አልነበረም። በዚያ ዘመን የልብ አንጠልጣይ ጥማት የረካው በመጽሐፍ ነው። ይልማ ሀብተየስ በአማርኛ የምርመራ ልብ ወለድ መንገድ ጠራጊ ሆነ፤ ማሞ ውድነህ የስለላ ታሪኮችን ተርጉሞና ጽፎ አቀረበ፤ «ፖሊስና እርምጃው» የተባለው ጋዜጣም ለእውነተኛው ወንጀል አንባቢ አላጣም። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያወጣው «ኦሮማይ» ከሁሉም የላቀው የስለላ ልብ ወለድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። የዚህን ወንጀል መርማሪ ማን ነው? በዚህ አገር የልብ አንጠልጣይ ደራሲ ራሱ የልብ አንጠልጣይ ታሪክ እስከ መሆን ደርሷል።

የቪዲዮ ካሜራ የፊልሙን መንገድ የከፈተው በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ነው። ቴዎድሮስ ተሾመ በ«ቀዝቃዛ ወላፈን» ከጀመሩት አንዱ ሲሆን በኋላም በ«ቀይ ስሕተት» የቀይ ሽብርን ዘመን አነሣ። ይድነቃቸው ሹመቴ «ሥርየት»ንና «ኒሻን»ን ሠራ፤ ኸርሞን ኃይላይ ታክሲው የተሰረቀበትን የአዲስ አበባ ወጣት ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2015 አቀረበች። እነዚህ ተመስጋኝ ናቸው። በዙሪያቸው የተሠሩት ብዙዎች ግን፣ እውነቱ መነገር ካለበት፣ አንድ ቪላ ቤት፣ አንድ ጥቁር መነጽር፣ አንድ ሽጉጥና አንድ የስልክ ጥሪ ይዘው «ልብ አንጠልጣይ» የሚል ጽሑፍ በፖስተራቸው ላይ የለጠፉ ናቸው። መርማሪው ከውጭ ፊልም የተቀዳ ነው፤ ምሥጢሩን ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም። የቤት ሠራተኛዋ፣ ዘበኛውና የጎረቤቷ ሴት ምንም እንዳላዩ ሆነው ይቀመጣሉ። በኢትዮጵያ ሠፈር ውስጥ ዘበኛ የማያየው ነገር መኖሩን ማን ያምናል?

እነዚህ ፊልሞች በካሴት፣ በኋላም በሲዲ ተገልብጠው እስከ ገጠር ከተሞች ቪዲዮ ቤቶች ወረዱ። ከአዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ በሳንቃ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ወጣት የሚያየው የቦሌን ቪላ ነበር። የአጎቱ በሬ የተነዳበት ሌሊት፣ ስለ ድንበር የወደቀው ሰው፣ ከምንጭ ስትመለስ የተጠለፈችው ጎረቤት በመጋረጃው ላይ አልነበሩም። ካሴቱ በሻጋታ፣ ሲዲውም በጭረት እያለቀ ነው። መልካሙም መጥፎውም እኩል ይጠፋል።

ምክንያቱ የገንዘብ ማነስ ነው የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰጣል። የሌላውን ዓለም ታሪክ ያየ ግን በዚህ አይረካም። ኤድጋር ኡልመር እ.ኤ.አ. በ1945 «ዲቱር»ን ሲሠራ የኒው ዮርክን ጎዳና የሚያሳይበት ስላልነበረው ጭጋግ ነዛበትና አለፈ፤ ጭጋጉ የሰውየው ጥፋት ራሱ መሰለ። አይዳ ሉፒኖ እ.ኤ.አ. በ1953 «ዘ ሂች ሃይከር»ን የሠራችው በዋነኛነት በሦስት ሰው፣ በአንድ መኪናና በአንድ በረሃ ነው። ገዳዩ አንድ ዓይኑ አይከደንም፤ ስለዚህ ምርኮኞቹ ይተኛ ይንቃ አያውቁም። ከዚህ የረከሰ፣ ከዚህም የበለጠ የሚያስጨንቅ ዘዴ ማግኘት ያስቸግራል። ከቡሬ ወደ ነቀምቴ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና፣ ሾፌር፣ ረዳትና አንድ ያልታወቀ ተሳፋሪ ይዞ የሚነሣ ሰው ከሉፒኖ ያነሰ መሣሪያ አይኖረውም።

ወደ አውጫጭኙ ጥያቄ በጣም የቀረበው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው «ድፍረት» ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፤ በጠላፊዋ ጠመንጃ እርሱን ገድላ ታመልጣለች። የልጅቱ ስም ሂሩት ነው። ከመጀመሪያው ፊልም ሂሩት ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ርቃ ሌላ ሂሩት ቆመች፤ አዘጋጁ አስቦበት ይሁን በአጋጣሚ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው አይረሳውም። በፊልሙ ውስጥ ማን እንደ ገደለ ከመጀመሪያው ሁሉም ያውቃል። ሽማግሌዎቹ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው በአገሩ ደንብ ይፈርዳሉ፤ በመዓዛ አሸናፊ አምሳል የተቀረጸችው ጠበቃ በሌላ ሕግ ትሟገታለች። ትግሉ ድርጊቱ በምን ስም ይጠራ የሚል ነው፤ ግድያ ነው ወይስ ራስን ማዳን? አበጀ በለውን ሽፍታ ያለው ሕግና ጀግና ያለው ሕዝብ እዚህም ተገናኝተዋል። የፊልሙ ደካማ ጎን ጠበቃዋን አብዝቶ ማቅረቡ ነው፤ ልጅቷ ዝም ባለችበት ቦታ ሁሉ ፊልሙ ይበረታል፤ ሌሎች ስለ እርሷ በተናገሩበት ይላላል።

ይህ ነቀፌታ ከመጋረጃው ውጭም ተከተለው። በነሐሴ ወር 2006 ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ ሊመረቅ እንግዶች ከተሰበሰቡ በኋላ ፊልሙ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ክርክሩን ያነሣችው ታሪኩ የእርሷ የሆነው ሴት ነበረች። በእርሷ ላይ ስለ ደረሰው ነገር ማን ይናገር፣ በማንስ ፈቃድ፣ የሚለው ጥያቄ በዚያ ምሽት ከመጋረጃው ላይ ወርዶ ወደ ችሎት ገባ። እገዳው ከጊዜ በኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ለሕዝብ ታየ።