የረሃብ ቀለም፣ የፀሐይ ቀለም

ጥር በዲክሲስ የሠርግ ወር ነው። ስንዴውና ገብሱ ጎተራ ገብቷል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማና ከአሰላ ዘመድ ይጎርፋል። ባለፈው ዓመት ከመጡት መካከል ለወንድሟ ሠርግ የደረሰችው የእህቴ ልጅ ነበረች። በሻንጣዋ ውስጥ ከቀሚሷ ጋር የፀጉር ቀለም፣ የብሊች ዱቄትና የወጥ ቤት ፎይል ይዛለች። ፀጉር ቤት የሚጠየቀውን ገንዘብ ለማዳን ሃይላይቱን በገዛ እጇ ልትሠራው ቆርጣ ነበር።

ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች። ስትወጣ የፀጉሯ ሥር አንድ ጣት ያህል እንደ ብርቱካን ልጣጭ ደምቋል፤ ከዚያ በታች ጥቁሩ እንዳለ ነው። ከሩቅ ሲያዩት በራሷ ዙሪያ መቀነት የታሰረ ይመስላል።

እኛ ሳቅን። እናቴ አልሳቀችም። ከመደቡ ተነሥታ ቀረበችና ጥቂት ፀጉር በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዘነበለችው።

«አንቺ ልጅ፣ አዲስ አበባ እህል አጥተሽ ነው እንዴ?» አለቻት።

እናቴ የአርሲ ተወላጅ አይደለችም። በ1966 ዓ.ም. ከወሎ ተነሥታ፣ ከፊሉን በእግሯ ከፊሉን በጭነት መኪና ተጉዛ፣ እዚህ ደጋ ላይ የቀረች ናት። ስትነሣ በጀርባዋ ልጅ ነበር፤ ስትደርስ ባዶዋን ነበረች። ስለዚያ ልጅ በቤታችን ብዙ አይወራም። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ፀጉሩ ቀልቶ ነበር» ስትል ሰምቻለሁ። በልጅነቴ ይህን ስሰማ ቀይ ልጅ፣ ምናልባትም ቆንጆ ልጅ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ሲስሊ ዊልያምስ የተባለች ሐኪም ዛሬ ጋና በምትባለው በጎልድ ኮስት ስትሠራ፣ ከጡት በወጡ ሕፃናት ላይ የምታየውን በሽታ በ1933 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት ገለጸች። ከሁለት ዓመት በኋላም የአገሬው የጋ ሕዝብ በሚጠራበት ስም «ክዋሺዮርኮር» ብላ ለዓለም አስተዋወቀችው። እግር ያብጣል፤ ቆዳ ይላላጣል፤ ጥቁር ፀጉር ይሳሳል፣ ይቀላል፣ ሲነኩትም ይነቀላል። ሰውነት ለቀለሙ የሚሆነውን ነገር ከምግብ ሲያጣ ፀጉሩ ሳይጠቁር ያድጋል። ልጁ እህል ካገኘ ከሥር እንደገና ጥቁር ይወጣል፤ ደግሞ ከተራበ ደግሞ ይቀላል። በአንድ ዘለላ ላይ ቀይና ጥቁር ተፈራርቀው ሲታዩ ሐኪሞች «የባንዲራ ምልክት» ይሉታል። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ ክፉው ወርና ደጉ ወር በተራ በተራ ተጽፈው ይነበባሉ።

የወሎ ረሃብ የተጻፈው በዚህ መልክ ነበር፤ መንግሥት በወረቀት ሊጽፈው ባልፈለገበት ጊዜ በሕፃናት ራስ ላይ ተጻፈ። የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በ1973 እ.ኤ.አ. ለውጭው ዓለም አሳየው። የአገራችን ሰው በቴሌቪዥኑ ያየው ግን መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው ነው። ያን ጊዜ የእኛ ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ነበር። ስለዚህ ተመልካቹ አጥንቱን አየ፤ ያበጠውን ሆድ አየ፤ የፀጉሩን ቅላት ግን አላየም። ያን የሚያውቁት በእጃቸው የዳሰሱት ናቸው።

ስለ ሕፃናት ምግብ ያሰበ ሰው አልነበረም ማለት ግን አይቻልም። በ1962 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር አዲስ አበባ ላይ የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ተቋቁሞ ነበር፤ በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው እርሱ ነው። «ፋፋ» የተባለው የሕፃናት ዱቄት የተወለደው ከዚያ ነው። ስሙን ልብ በሉልኝ፤ ፋፋ ማለት ወፈረ፣ ደላው ማለት ነው። እንደ ምርቃት ያለ ስም ነው። የእናቴ መንገድ ግን ከፋፋ መንገድ ጋር አልተገናኘም።

ፀጉር በአገራችን ሁልጊዜ የሚነበብ ነገር ነበር። ቁንጮ ሕፃኑን፣ ጋሜ ልጃገረዷን፣ የተላጨ ራስ ሐዘንተኛዋን ያሳውቅ ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ ከራሳቸው ላይ ፀጉር ተቆርጦ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ ከመቶ ኀምሳ ዓመት በኋላ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለኢትዮጵያ መለሰው። ሰዎች በእንባ የተቀበሉት ፀጉር የሰውዬው አካልም ታሪክም ስለሆነ ይመስለኛል።

እንግዲህ ወደ ጓዳችን እንመለስ። የእህቴ ልጅ ስሕተት አዲስ አልነበረም። ፈረንሳዊው ኬሚስት ቴናር ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን በ1818 እ.ኤ.አ. ካገኘ ወዲህ፣ ኧዠን ሹለር የተባለ ሌላ ፈረንሳዊም በ1907 የፀጉር ቀለም ቀምሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ዛሬ ሎሬያል የምንለውን ኩባንያ ከመሠረተ ወዲህ፣ ስንትና ስንት ሴት በመስታወት ፊት ተሳስታለች። ብሊች ከጥቁር ፀጉር ላይ በመጀመሪያ የሚበላው ጥቁሩን ቀለም ነው፤ ከሥሩ ተደብቆ የኖረው ቀይና ብርቱካንማ ያን ጊዜ ይገለጣል። በዚያ ላይ የራስ ቆዳ ሙቀት ሥራውን ያፈጥነዋል። ከሥር ጀምሮ የቀባ ሰው ሥሩ ቀድሞ ይነጣበታል። መቀነቱን ያሠረው ይኸው ነው።

እናቴ ያየችው ይህን መቀነት ነው። ረሃብ ፀጉርን በአግድም ይጽፈዋል፤ ፀሐይ ደግሞ በቁመቱ። ከብት ሲጠብቅ የሚውል ልጅ ፀጉሩ ጫፉ ላይ፣ ግንባሩ አካባቢ፣ እዚህም እዚያም እያለ ቀስ በቀስ ይፈካል፤ የት እንደ ጀመረ አይታወቅም። ሃይላይት ተፈጥሯዊ የሚመስለው ይህን የፀሐይ ሥራ ሲከተል ነው። አግድም መስመር ያለበት ፀጉር ግን ሺህ ብር ቢወጣበትም አንድ ነገር እንደ ጎደለው ይናገራል።

ይህን ስነግራት የእህቴ ልጅ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያም እንደ ገና ጀመርን፤ አሁን ሳንቸኩል። ቀለሙን ከጆሮዋ ኋላ ጥቂት ቀብተን ቆዳዋ እንዳይቆጣ ሁለት ቀን ጠበቅን። በአንድ ዘለላም ሞከርነው። የነደደውን ሥር ከተፈጥሮዋ ጋር በሚቀራረብ፣ አሞንያ በሌለው ጥቁር ቡናማ አለበስነው። ብሊች በነካው ላይ ሁለተኛ ብሊች አልጨመርንም። ባልተነካው ፀጉር ላይ ብቻ፣ ፊቷን ከሚከቡት ዘለላዎች እንደ ሹሩባ ጉንጉን የቀጠኑ ጥቂቶችን መርጠን፣ ከራስ ቆዳዋ ሁለት ጣት ርቀን፣ ወደ ጫፉ እያበዛን ወደ ላይ እያሳሳን ቀባን። ከተፈጥሮዋ አንድ ሁለት ደረጃ ብቻ ፈካ ሲል አጠብነው። ሪላክሰር የነካው ፀጉር ቢሆን ኖሮ ይህንንም አንደፍርም ነበር፤ ሁለቱ ኬሚካሎች ሲገናኙ ፀጉር ይበጣጠሳል።

በማግሥቱ ጠዋት ደጅ ወጥታ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። እናቴ መጣችና እንደ መጀመሪያው ቀን ፀጉሯን በጣቶቿ ይዛ አየችው። «አሁን ፀሐይ የመታው ነው» አለችና ቅቤ ልታመጣ ገባች።

ማታ ሰው ሁሉ ሲተኛ እኔና እናቴ ምድጃው ዘንድ ቀረን። በዕድሜዬ ጠይቄያት የማላውቀውን ያን ጊዜ ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ የልጁ ፀጉር ቀይ የነበረው ምን ያህሉ ነው?»

መልስ የምትሰጠኝ አልመሰለኝም ነበር። አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አቀራርባ ወደ እሳቱ ብርሃን አነሣቻቸው። «ይህን ያህል» አለች።

በመካከላቸው ያለውን በዓይኔ ለካሁት። ሦስት ሴንቲ ሜትር ይሆናል።