የ1977 ዓ.ም. ረኃብና ያልተወለደው አእምሮ፦ ስለ አሶሳና ስለ መተከል ሰፋሪዎች አንድ የታሪክ ጥያቄ

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የአእምሮ ሕመምም ሥሩ ከታየበት ዕለት አስቀድሞ ሊፈለግ የሚገባው ነገር ነው። በአገራችን ልማድ አንድ ወጣት በሃያ ዓመቱ በድንገት ቢታወክ፣ ቤተ ዘመዱ የሚመረምረው ያንኑ ሳምንት ነው፤ ቡዳ በላው ወይስ ዛር ለከፈው ይባላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ግን፣ የአሶሳንና የመተከልን ታሪክ የሚመረምር ሰው ጥያቄውን እስከ እናት ማሕፀን ድረስ ወደ ኋላ መውሰድ እንዳለበት ነው።

ሊቃውንት እንደ ደረሱበት፣ አብዛኞቹ የአንጎል ሕዋሳት የሚፈጠሩት ልጁ ሳይወለድ ነው። ኃይላቸው ግን በቁጥራቸው ብቻ ሳይሆን በመያያዛቸው ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ክር የመሰለ ጅማት እየዘረጋ ከሌሎች ጋራ ይገናኛል፤ ከልደት በኋላም መገናኛው ከሚያስፈልገው በላይ ይበዛል። ፒተር ሁተንሎከር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳሳየው፣ ትርፉ መገናኛ በልጅነትና በጉርምስና ዘመን እየተቀነሰ ይሄዳል፤ ይኸውም ገበሬ በዝቶ የበቀለውን የማሽላ ቡቃያ እንደሚያሳሳው ያለ ነው። የቀሩትም ጅማቶች መልእክትን የሚያፈጥን የስብ ልባስ እየለበሱ እስከ ሃያዎቹ ዓመታት ይዘልቃሉ። ኧርዊን ፋይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1982 ይህ ማሳሳት ከመጠን ቢያልፍ ስኪዞፍሬኒያ የተባለውን ሕመም ሊያመጣ ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሕመሙ ስለ ምን በአፍላ ጉልምስና እንደሚገለጥ ከሚያስረዱት ሐሳቦች አንዱ ይህ ነው።

ታሪክ ለዚህ ምስክር አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 መካከል ባለው የብርድ ወራት፣ የጀርመን ጦር ወደ ምዕራብ ሆላንድ የሚገባውን ምግብ አገደ። ረኃቡ በጸናበት ጊዜ የተፀነሱት ልጆች አድገው ሲቈጠሩ፣ ስኪዞፍሬኒያ ከሌሎቹ በእጥፍ ያህል ተገኘባቸው። በቻይና በአንሁይ ግዛት፣ በዉሁ ወረዳም እንዲሁ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ከተወለዱት ከመቶ 0.84 የነበረው የሕመሙ መጠን፣ በረኃቡ መካከል በ1960 በተወለዱት ላይ 2.15 ደረሰ። ነገር ግን አንባቢ እንዳይሳሳት ይሁን። በዚያ ክፉ ዓመት ከተወለዱት እንኳ ከመቶው ዘጠና ሰባት የሚበልጡት በዚህ ሕመም አልተያዙም። ዘርም፣ የወሊድ ችግርም፣ የኋላ ኑሮም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ረኃብ አደጋውን ያበዛል እንጂ ዕጣ ፈንታን አይቈርጥም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አሶሳ ያን ጊዜ በወለጋ፣ መተከል በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር ነበሩ። አሶሳ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎችን ተቀብላ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረኃቡ በበረታ ጊዜ ደግሞ የደርግ መንግሥት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ አጓጓዘ፤ ከዚህም ውስጥ በበለስ ሸለቆ፣ በፓዌ ዙሪያ፣ ከ80,000 በላይ ሰዎች ሰፈሩ። የጉሙዝ ሕዝብም የሚያድንበትንና የሚያርስበትን ምድር ለቀቀ። ከደጋ የመጣው ሰውነት ወባ አገኘው፤ ብዙዎችም ሞቱ። እርጉዝ የሆነችው ሴት በትውልድ ቀዬዋ ረኃቡን፣ በመንገድ ከዘመድ መለየትን፣ በቆላው ወባን በአንድ ሰውነት ተቀበለች። ስለ ሰፈራው ሲጻፍ የሞቱትና የተጓጓዙት ይቈጠራሉ፤ በማሕፀን የተጓዙት ግን በዚያ ቍጥር ውስጥ አይታዩም።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. የተወለዱት ሃያ ዓመት የሞላቸው በ1997 እና በ1998 ዓ.ም. ነው። የአእምሮ ሐኪሞችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የተጀመረው ገና በ1995 ዓ.ም. ስለ ነበረ፣ ከበለስ ሸለቆ እስከ አማኑኤል ሆስፒታል ያለው መንገድ ለታማሚ እጅግ ሩቅ ነበር። እንዲህ ያለውን ምርመራ በአገራችን ማካሄድ እንደሚቻል ግን ቡታጅራ አስመስክሯል፤ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀዋል። በአሶሳና በፓዌም እንዲህ ያለ ምርመራ ቢደረግና ሁለት ጥያቄዎች ቢጨመሩበት፣ ማለትም በየትኛው ወር ተወለድህ፣ እናትህ አንተን ስታረግዝ የት ነበረች ቢባል፣ ታሪክና ሕክምና በአንድ መዝገብ ይገናኛሉ።

ይህ ምርመራ ለ1977 ልጆች ዘግይቶ ይደርስ ይሆናል። ዳሩ ግን ከ2011 እስከ 2013 ዓ.ም. ባለው ጊዜ መተከል እንደ ገና ታውኮ ከ100,000 በላይ ሕዝብ ተፈናቅሏል። በዚያ መከራ የተፀነሱት ልጆች ወደ ጉርምስና የሚገቡት ከ2025 ዓ.ም. በኋላ ስለሆነ፣ ለእነርሱ ጊዜ አለ። እንግዲህ ከአሶሳና ከፓዌ የመጣችሁ ጓደኞቻችን፣ ለዕረፍት ወደ ቤት ስትመለሱ በ1977 ዓ.ም. ያረገዙትን እናቶች ጠይቁ፤ ወሩንና ቦታውን፣ የበሉትንና ያጡትን ጻፉ። እናቶቹ በዕድሜ እየገፉ ነው፤ ይህን መዝገብ በቃላቸው የያዙትም እነርሱ ናቸው።