ቡአ፦ ከአልዘህራዊ ብረት እስከ ዛሬው መረብ

ዛሬ የምናነሳላችሁ በየቤቱ ስለሚደበቅ አንድ ሕመም ነው። አባት ከሥራ ሲመለስ ብሽሽቱ ላይ ያበጠውን ነገር በእጁ ደግፎ ቀስ ብሎ ይቀመጣል። ጋደም ሲል እብጠቱ ይገባል፤ ሲያስል ተመልሶ ይወጣል። ልጆቹ አያውቁም፤ ሚስቱም የምታውቀው ዘግይታ ነው። በአማርኛ ቡአ፣ በሐኪሞች አነጋገር ሄርኒያ ይባላል፤ ይኸውም የሆድ ግድግዳ በሳሳበት ወይም ቀድሞ በተቀደደበት በኩል አንጀት ወይም ሞራ ገፍቶ የሚወጣበት ሕመም ነው። በእምብርትና በቀድሞ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ላይም ይወጣል፤ ሴቶችም ከእርሱ ነጻ አይደሉም።

ሐያእ ከኢማን መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይሁን እንጂ ለሕክምና ሲያስፈልግ፣ በሚያስፈልገው መጠን፣ ዐውራን ለሐኪም ማሳየት እንደሚፈቀድ ዑለማዎች አስተምረዋል። ደግሞም ይህን ሕመም ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ሳያፍር በመጽሐፉ ያሰፈረ ሙስሊም ሐኪም ነበር።

ይህ ሰው አቡል ቃሲም አልዘህራዊ ነው። በአንደሉስ፣ በቁርጡባ አጠገብ ኖሮ በ1013 ገደማ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አረፈ። «አት-ተስሪፍ» የተባለው መጽሐፉ 30 ክፍሎች ያሉት ሲሆን የመጨረሻው ክፍል ከነመሣሪያዎቹ ሥዕል ስለ ቀዶ ሕክምና ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ጄራርድ ዘክሬሞና ይህን ክፍል ቶሌዶ ላይ ወደ ላቲን ስለመለሰው የአውሮፓ ሐኪሞች ለብዙ መቶ ዓመታት ተማሩበት።

ክፍሉን የሚከፍተው በማስጠንቀቂያ ነው። የሰውነትን አሠራር ሳይማር ቢላ የሚያነሳ ሰው ነፍስ ያጠፋል ይልና ያየውን ይመሰክራል። አንድ አላዋቂ ሐኪም በአንዲት ሴት አንገት ላይ የነበረውን እብጠት ሲቀድ የደም ሥሯን ቆርጦ፣ ሴትዮዋ እዚያው ፊቱ ደሟ ፈስሶ ሞታለች። ሐኪም የሐኪምን ጥፋት እንዲህ በግልጽ መጻፉ ዛሬም ብርቅ ነው።

ገና ለጀመረው ቡአ የሚመክረው በጋለ ብረት መተኮስን ነው። አስቀድሞ የበሽተኛው አንጀት በሚያስቀምጥ መድኃኒት ባዶ ይደረጋል። በሽተኛው በጀርባው ይተኛል፤ የወጣው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የሚተኮሰው ስፍራ በቀለም ምልክት ይደረግበታል። እኛን ያስገረመን ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቁስሉ እስኪድን ለብዙ ቀናት ይተኛ፤ ምግቡ ቀላል ይሁን፤ በሚቀመጥበት ጊዜ እንዳያምጥ ሆዱ ይለስልስ፤ ሲነሳም በመቀነት ይታሰር፤ ከከባድ ሥራ፣ ከጥጋብና ከብርቱ ጩኸት ይቆጠብ ይላል።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ምክሮች ሁሉ የሚያጠነጥኑት የሆድ ውስጥ ግፊትን በመቀነስ ላይ ነው። ቢላው ወይም ብረቱ ብቻውን እንደማይበቃ ሰውየው ገብቶታል። ሁሉም ልክ ነበር አንልም፤ ለረጅም ጊዜ ተኝቶ መቆየት ደም እንዲረጋ ስለሚያደርግ ዛሬ በሽተኛው በዚያው ቀን ተነስቶ እንዲራመድ ይደረጋል።

ከእርሱ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ነገሩ እምብዛም አልተራመደም። ማደንዘዣና ቁስልን ከጀርም የመጠበቅ ዘዴ ከተገኙ በኋላ፣ ከ1884 ጀምሮ ጣሊያናዊው ኤዶአርዶ ባሲኒ በፓዶቫ የብሽሽትን ግድግዳ ደረጃ በደረጃ መልሶ መስፋትን አስተማረ። (ባሲኒ ራሱ በወጣትነቱ ጦር ሜዳ ላይ ብሽሽቱን በሳንጃ ተወግቶ የተረፈ ሰው ነው።) የባሲኒ ስፌት ችግሩ የተራራቀ ሥጋን ጎትቶ ማገናኘቱ ነው፤ የተጎተተ ደግሞ ይላላል። ስለዚህ በ1980ዎቹ አሜሪካዊው ኧርቪንግ ሊክተንስታይን ሥጋውን ሳይጎትት ቀዳዳው ላይ የፕላስቲክ መረብ ማኖርን አስፋፋ።

የመረቡ ጥቅም በቁጥር ይታያል። በ2000 በኔዘርላንድ ቀድሞ በተቀደደ ሆድ ላይ ቡአ የወጣባቸው 200 ያህል ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ታከሙ። በክር ብቻ ከተሰፉት ውስጥ በሦስት ዓመት ከመቶ 43ቱ፣ መረብ ከተደረገላቸው ከመቶ 24ቱ ቡአው ተመለሰባቸው። መረቡም ቢሆን ዋስትና አልሆነም ማለት ነው። እንዲመለስ ካደረጉት ምክንያቶች መካከል የቁስል ማመርቀዝና፣ በወንዶች ላይ፣ በፕሮስቴት ዕጢ የተነሳ የሽንት መቸገር ተገኙ። ለመሽናት የሚያምጥ ሰው ስፌቱን እየገፋ ነውና፣ አልዘህራዊ አታምጡ ማለቱ ከንቱ አልነበረም! ሲጋራ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ያልተገራ የስኳር በሽታና ሥር የሰደደ ሳልም ውጤቱን ያበላሻሉ። ስለዚህ አባታችሁ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ሲይዝ፣ ሲጋራውን ማስተው፣ ሳሉንና የሆድ ድርቀቱን ማሳከም የቤተሰቡም ድርሻ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን መዘግየት ነው። የወጣው አንጀት ታንቆ ደም ሲቋረጥበት ይበሰብሳል። በስዊድን ከ100,000 በላይ የብሽሽት ቡአ ቀዶ ሕክምናዎች ተመርምረው በ2007 ታትሟል። በቀጠሮ የተሠራላቸው ሰዎች ሞት በዕድሜያቸው ከሚጠበቀው አልበለጠም። በድንገት የተሠራላቸው ግን ሰባት እጥፍ፣ አንጀታቸው የተቆረጠው ደግሞ ሃያ እጥፍ ሆነ። በድንገተኛነት ተወስደው ለሞት አደጋ ይበልጥ የተጋለጡትም ሴቶች ናቸው።

ይህ ማለት ቡአ ያለበት ሁሉ ነገ ይቀደድ ማለት አይደለም። በአሜሪካ ሕመም የማይሰማቸው ወንዶች በሐኪም ክትትል ቢጠብቁ የመታነቅ አደጋው ጥቂት መሆኑ በ2006 ታይቷል፤ ብዙዎቹ ግን ውለው አድረው ሕመሙ ስለበረታባቸው ተቀድደዋል። በሐኪም እየታዩ መጠበቅ ሌላ ነው፤ ተደብቆ መጠበቅ ሌላ ነው። እብጠቱ ጠንክሮ አልገባ ካለ፣ ሕመሙ ከበረታ፣ ማስመለስ ከተጨመረበት፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

«የመረቡን ዋጋ ከየት እናመጣለን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። በምሥራቅ ኡጋንዳ 302 ወንዶች ላይ የተደረገ ሙከራ በ2016 ይፋ ሆኗል። ለግማሾቹ በፋብሪካ የተሠራው ውድ መረብ፣ ለግማሾቹ ከወባ አጎበር ጨርቅ ተቆርጦ ከጀርም የጸዳ መረብ ተደረገላቸው። ከዓመት በኋላ በአጎበሩ ከታከሙት ቡአው የተመለሰበት አንድ ሰው ብቻ ነበር።