እንግዳ ተቀባይነት በችግር ዘመን፦ ከላስታና ከመቄት ታሪክ

ቱሪዝም ከውጭ የመጣ አዲስ ሙያ ነው የሚል አስተሳሰብ በብዙዎቻችን ዘንድ ሥር ሰዶ ይገኛል። የላስታ ታሪክ ግን ሌላ ይመሰክራል። ዘመናዊ ሆቴል ከመሠራቱ ከብዙ ዘመን በፊት የልደትን በዓል ለማክበር በእግሩ ተጉዞ ላሊበላ የሚደርሰውን ምእመን የአገሩ ሕዝብ እግሩን አጥቦ፣ ካለው አካፍሎ ያሳድረው ነበር። ኅብረተሰቡ ራሱ የሚመራው ቱሪዝም መሠረቱ ይኸው ነው።

መንግሥታዊው የቱሪዝም ሥራ በ1950ዎቹ በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት ሲጀመር ላሊበላ ከባሕር ዳር፣ ከጎንደርና ከአክሱም ጋር የታሪካዊው ጉዞ መስመር አካል ሆነች። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትም በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ይሁን እንጂ ጎብኚው ከአውሮፕላን ወደ ሆቴል ሲመላለስ በዙሪያው ያለው አርሶ አደር ከገቢው የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነበር። በመሆኑም በ1990ዎቹ የመቄት ወረዳ ገበሬዎች «ተስፋ» በተባለው እንቅስቃሴ አማካይነት ተደራጅተው፣ በገደል አፋፍ ላይ ጎጆ ሠርተው፣ ጓዝ በአህያ ጭነው፣ መንገድ መርተው እንግዳ ያስተናግዱ ጀመር። ገቢው እርሻን የሚደግፍ እንጂ የሚተካ አልነበረም።

ከባዱ ፈተና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ የጎብኚውን እግር አቋረጠ፤ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ጦርነቱ ደረሰ። ላሊበላ በጥቂት ወራት ውስጥ ደጋግማ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች፤ የላሊበላ መንገድ የሚገነጠልባት ጋሸናም የጦር ሜዳ ሆነች። ኑሮውን በእንግዳ ላይ ብቻ የመሠረተ ሁሉ ባዶ እጁን ቀረ።

ሆኖም ውጊያው ከከተማይቱ በራቀ በሳምንታት ውስጥ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. የልደት በዓል ተከበረ። የውጭው ጎብኚ እንደቀድሞው ሳይመለስ የአገሩ ምእመን ከቅርብም ከሩቅም መጣ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ይህን ጅምር መልሶ ጎዳው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ግልጽ ነው። ማገገም የሚለካው በጎብኚ ቁጥር ብቻ አይደለም። በቅድሚያ የገበሬው ጎተራ ይሙላ፤ የፈረሰው ጎጆ በባለቤቱ እጅና ውሳኔ ይጠገን፤ ከመልካሙ ዘመን ገቢ ለክፉ ቀን የሚሆን የጋራ ጥሪት ይቀመጥ፤ የአገር ውስጥ ተጓዥም እንደ ሁለተኛ እንግዳ አይታይ። እንግዳ ሲቀር የማይራብ ባለአገር፣ እንግዳ ሲመጣ በክብር ይቀበላል።