ቤንጂ፤ የአንድ ውሻ ፊልም ታሪክ

የአሜሪካ ሲኒማ ታሪክ ሲነገር ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው የሆሊውድ ታላላቅ ኩባንያዎች ናቸው። እኛ ግን ዛሬ ልናወሳ የወደድነው እነዚሁ ኩባንያዎች በራቸውን ዘግተውበት ሳለ ከሕዝብ ዘንድ ለመድረስ የቻለውን የአንድ ውሻ ፊልም ነው። ስሙ «ቤንጂ» ይባላል፤ የወጣውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ዓ. ም. ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

የፊልሙ ደራሲና አዘጋጅ ጆ ካምፕ በቴክሳስ በዳላስ ከተማ በማስታወቂያ ሥራ ይተዳደር የነበረ ሰው ነው። ከዚያ በፊት ረጅም ፊልም ሠርቶ አያውቅም። ያሰበው ነገር ለመስማት ቀላል፣ ለመሥራት ግን አስቸጋሪ ነበር፤ ይኸውም ተመልካቹ ታሪኩን ከሰዎቹ አፍ ሳይሆን ከውሻው ፊት ላይ እንዲያነበው ነው። ቀደም ብለው በፊልም የታወቁት እንደ ላሲ ያሉ ውሾች የሚደነቁት በሥራቸው ነበር፤ ሮጠውና ዘለው ሰው ያድናሉ። ካምፕ ውሻው ሲያስብና ሲጨነቅ ለማሳየት ፈለገ። ስለዚህ ካሜራው ወደ መሬት ዝቅ ብሎ ዓለምን በውሻው ዐይን ቁመት እንዲያይ ተደረገ።

ለዚህ የተመረጠው ውሻ ሂጊንስ ይባል ነበር። ቡችላ ሳለ በካሊፎርኒያ በበርባንክ ከተማ ባለቤት ያጡ እንስሳት ከሚጠበቁበት ስፍራ ወስዶ ያሠለጠነው ፍራንክ ኢን የተባለ የታወቀ የእንስሳት አሠልጣኝ ነው። ሂጊንስ በትእዛዝ ያዛጋል፣ ያስነጥሳል። በ1960ዎቹ ዓመታት በቴሌቪዥን ትርኢት ሲሠራ ቆይቶ ጡረታ ወጥቶ ነበር። ቤንጂን እንዲሆን በተጠራ ጊዜ ዕድሜው ከ13 ዓመት አያንስም፤ ውሻ ያሳደገ ሰው ይህ ምን ያህል እርጅና እንደሆነ አይጠፋውም። በፊልሙ የምናየው ያ የረጋ አተያይ ከዕድሜው የመጣ ይሆናል ብለን እንገምታለን።

ታሪኩ የተቀረጸው በዚያው በቴክሳስ፣ ማኪኒና ደንተን በሚባሉ ከተሞች ነው። ቤንጂ ባለቤት የለውም፤ በአንድ ወና ቤት ያድራል። በየቀኑ ሲንዲና ፖል ከሚባሉ ሁለት የሐኪም ልጆች ዘንድ እየሄደ ይጫወታል፤ የቤቱ ሠራተኛም ታበላዋለች፤ አባትየው ግን ውሻ በቤቱ እንዲኖር አይፈቅድም። ኋላ ወንበዴዎች ልጆቹን ጠልፈው የሸሸጉዋቸው በዚያው ወና ቤት ውስጥ ሆነ። ቤንጂ ያውቃል፤ መናገር ግን አይችልም። ሊነግራቸው የሚሮጥላቸው ሰዎች ደግሞ አይረዱትም። የፊልሙ ኃይል ያለው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚባለው ለሆዱ ያደረን ሰው ለመዝለፍ ነው፤ ቤንጂን ያየ ሰው ግን ተረቱን በዚያ ትርጉም ለመናገር ጥቂት የሚያመነታ ይመስለናል።

ፊልሙ ወደ 500 ሺህ ዶላር ፈጀ፤ ይህም በሆሊውድ ሚዛን ጥቂት ገንዘብ ነው። ካምፕ ይዞት ቢዞር ከታላላቆቹ ኩባንያዎች አንዱም ሊያከፋፍለው አልፈቀደም። ስለዚህ የራሱን ማከፋፈያ ድርጅት አቋቁሞ ወደ ሲኒማ ቤቶች ራሱ አደረሰው። ገቢው ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ቻርሊ ሪች የዘፈነው የፊልሙ ዘፈንም የጎልደን ግሎብ ሽልማት አገኘ፤ ለኦስካርም ታጨ።

ይህን ዕድል ነው የሚል ቢኖር እኛ አንስማማም። ካምፕ የማስታወቂያ ሰው ነበር፤ ሕዝብ በምን እንደሚጠራ ያውቃል። ኩባንያዎቹ ፊልሙን መዘኑ እንጂ ሰውየውን አልመዘኑትም።

ካምፕ በ2024 በ84 ዓመቱ ዐረፈ። ሂጊንስ ግን ፊልሙ በወጣ በዓመቱ፣ በ1975 ሞቶ ነበር። በ1977 በወጣውና በአቴና በተቀረጸው ሁለተኛው ፊልም ቤንጂን ሆና የሠራችው የሂጊንስ ሴት ልጅ ናት።