ቀጋና ጽጌ ረዳ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር

ከጥንት ጀምሮ በአገራችን በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የበቀለው ዛፍ ሳይቈረጥ ተከብሮ መኖሩ የታወቀ ነው። በወሎ ደጋም ከእርሻና ከማገዶ የተረፈው አገር በቀል ዕፅ ይበልጡን የሚገኘው በአድባራት ቅጽር ውስጥ ነው። ስለ ጽዱና ስለ ወይራው ብዙ ሰው ይናገራል፤ ስለ ቀጋ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። ምናልባት እሾኻም በመኾኑ፣ ፍሬውንም የሚያውቁት እረኞችና ሕፃናት ብቻ በመኾናቸው ይኾናል። ነገር ግን ቀጋ ከጽጌ ረዳ ወገን ነው፤ ያውም ከሰሐራ በረሓ በስተ ደቡብ ባለው በመላው የአፍሪቃ ምድር፣ ሰው ሳያመጣው፣ በራሱ የበቀለ ጽጌ ረዳ ከእርሱ በቀር የለም።

ረዳ የሚለው ቃል ወደ ግእዝ የገባው ከጽርእ ቋንቋ ነው። ካህናት ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን በማኅሌተ ጽጌ አበባን እያነሡ ሲያመሰግኑ ያድራሉ፤ በዚያው ጊዜ የአገሩ ጽጌ ረዳ ከአጥሩ ሥር፣ ማንም ስሙን ሳይጠራው፣ ቆሞ ይኖራል።

የአገሬው ሰው ቀጋ ሲለው የኖረውን ዕፅ የአውሮፓ ሊቃውንት ያወቁት ዘግይተው ነው። እንግሊዛዊው ሔንሪ ሶልት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1810 ዓ.ም. ወደ ትግራይ መጥቶ ራስ ወልደ ሥላሴን በጐበኘ ጊዜ የልዩ ልዩ ዕፅዋት ቅጠልና አበባ አድርቆ ወደ አገሩ ወሰደ። ሮበርት ብራውን የተባለው የዕፅዋት ሊቅ ከነዚያ መካከል ይህን ለይቶ «የሐበሻ ጽጌ ረዳ» አለው፤ ጆን ሊንድሊም በ1820 ዓ.ም. ስለ ጽጌ ረዳዎች ባሳተመው መጽሐፍ መልኩን ዘርዝሮ ጻፈ።

የቤተ ክርስቲያንን ሰው ይልቁን ሊያስደንቀው የሚገባ ግን ሌላ ነው። ካርቲን ዲሎንና ፕቲ የተባሉ ኹለት ፈረንሳውያን በ1830ዎቹ መጨረሻ ዕፅዋት ሊሰበስቡ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ ኹለቱም ወደ አገራቸው ሳይመለሱ በዚሁ ሞቱ። የሰበሰቡትን የመረመረው አሺል ሪሻር በትግራይ በአብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ ተተክሎ የተገኘ፣ አበባው ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ፣ ቁመቱ አጭር የኾነ ሌላ ጽጌ ረዳ ስላየ «ቅድስት ጽጌ ረዳ» ብሎ ሰየመው። ከዚያም በ1888 ዓ.ም. ፍሊንደርስ ፔትሪ በግብጽ አገር በፋዩም፣ ሐዋራ በሚባለው ቦታ፣ በሮማውያን ዘመን ከተቀበሩ ሰዎች መቃብር የደረቀ የጽጌ ረዳ ጉንጉን አወጣ። የቤልጅጉ ሊቅ ክሬፔን መርምሮ፣ በሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት ከሚገኘው ጋር አንድ ነው ሲል ፈረደ። አንዳንድ ጸሓፊዎች ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ሳይኾን አይቀርም ይላሉ፤ ይህ ግን ግምት ነው እንጂ ምስክር የለውም። ኋላ ቅድስት የሚለው ስም አስቀድሞ ለሌላ ጽጌ ረዳ የተሰጠ ኾኖ ስለ ተገኘ፣ በሊቃውንቱ መዝገብ የሪሻር ስም ተተካበት። ዕፁን ጠብቀው ያቈዩት የደብር ሰዎች ሲኾኑ ስሙን የወረሰው ፈረንሳዊው መኾኑ የሚያሳዝን ነው።

ወደ ደሴ እንመለስ። ቀጋ የሚስማማው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,900 እስከ 3,300 ሜትር ያለው ምድር ነውና፣ ከሰኞ ገበያ ቀና ብሎ ወደ ጦሳ ለሚመለከት ሰው አገሩ ኹሉ የቀጋ አገር ነው። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደረስ ግን ቈላ ቈላ ስለሚል፣ በዚያ የተከለ ሰው በበጋ ውሃ ሊያጠጣው ይገባል። በደሴ አንድ ጊዜ ሥር ከሰደደ በኋላ ከሰማይ ዝናም በቀር የሚሻው ነገር ጥቂት ነው። ከውጭ አገር የመጣው የአትክልት ጽጌ ረዳ ክሽክሽ ሲወረው፣ ቅጠሉም አመድ እንደ ተነሰነሰበት ኾኖ ሲነጣ፣ ቀጋ ራሱን ችሎ ይቆማል። አበባው ነጭ ነው፤ አምስት ቅጠል ብቻ አለው፤ ሽታው ግን መልካም ነው። ግርማ የለውም የሚል ሰው በሙሉ አብቦ አጥሩን ሸፍኖ ያላየው ነው።

ሊተክለው የሚወድ በሰኔ መጨረሻ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ እንደ እርሳስ የወፈረ ጤነኛ ቅርንጫፍ በስንዝር ልክ ቈርጦ፣ ከሦስት እጅ ኹለቱን እጅ በአፈር ይቅበር። በዘርም ይበቅላል፤ ነገር ግን ዘሩ ለመብቀል ይዘገያልና ትዕግሥት ይፈልጋል። ጕድጓዱ ፀሐይ የሚያገኝ ይኹን፤ የበሰበሰ ፍግ ይጨመርበት። በመጀመሪያዎቹ ኹለት ዓመታት ከፍየል ይጠበቅ፤ ከዚያ በኋላ እሾኹ ራሱን ይጠብቃል። ሲገረዝም የደረቀውና ያረጀው ግንድ ብቻ ከሥሩ ይወገድ እንጂ እንደ ጽድ አጥር ዙሪያውን አይከርከም፤ እንዲህ የሚያደርግ ሰው የሚመጣውን ዓመት አበባ አስቀድሞ ቈረጠ ማለት ነው።

ፍሬው ሲቀላ ይበላል፤ በውስጡ ያለው ጠጕር ግን ጕሮሮን ስለሚያሳክክ መጥረግ ያስፈልጋል። በኹለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብርቱካን በመርከብ መምጣቱ ስለ ተቋረጠ፣ በእንግሊዝ አገር ሕፃናትና ሴቶች ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ የዱር ጽጌ ረዳ ፍሬ እየለቀሙ ለሕፃናት መድኃኒት የሚኾን ሽሮፕ ይሠራበት ነበር። የወሎ እረኛ ማንም ሳያዝዘው የሚለቅመው ከዚሁ ወገን ነው።

ዛሬ ብዙ ደብር ቅጽሩን በድንጋይ ግንብ ያጥራል፤ ግንቡም ከብትንና ቈራጭን ስለሚከለክል ለዛፉ ይጠቅማል። ቀጋ የሚበቅለው ግን በትክክል መሠረቱ በሚቈፈርበት በዳር በዳሩ ነው፤ ግንበኛውም እንደ ማንኛውም እሾኽ መንጥሮ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ግንብ ሊያሠራ ያሰበ የሰበካ ጉባኤ፣ መሠረቱ ከመቈፈሩ በፊት ባለው ክረምት ቅርንጫፉን አስቈርጦ፣ ከግንቡ ውስጥ ኹለት ክንድ ያህል ገባ አድርጎ ቢያስተክል፣ ድንጋዩ ተክቦ ሲያበቃ ቀጋው ሊደገፍበት ይደርሳል።